ግልገሉ ወደ እናቱ ይመለስ

የ5 ዓመቱ የልጅ ልጄ ማታ ማታ ተረት ካልነገርኩት አይተኛም። ደጋግሞ የሚያስነግረኝ እናቱን አልሰማም ብሎ ከበረት ስለወጣው ግልገል ነው። ግልገሉን አያ ጅቦ ይበላዋል። እኔም «አየህ፣ ያልታዘዘ ልጅ እንዲህ ይሆናል» ብዬ እቋጨው ነበር። እናቴም ለእኔ የነገረችኝ እንደዚሁ ነው።

አንድ እሑድ ቡና ሲፈላ፣ «አትንካ» ያልኩትን ጀበና ነካ። አላለቀሰም፤ የሹራቡን እጅጌ ስቦ እጁን ሸፈነ። ማታ ልብሱን ስቀይርለት ጣቶቹ ውሃ ቋጥረው አየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ነበርኩ። ሰው ሲቃጠል ሊጥም የጥርስ ሳሙናም ሳይቀቡ፣ ወዲያውኑ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ማፍሰስ እንደሚገባ ለስንቱ እናት አስተምሬያለሁ። በገዛ ቤቴ ግን ያ ሰዓት አመለጠኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አያ ጅቦ የሚበላው ያልታዘዘውን አይደል?» አለኝ።

እጁ ድኗል፤ ቃሉ ግን ከውስጤ አልወጣም። ተረቴ ያስተማረው መታዘዝን ሳይሆን መደበቅን ነበር። በሥራ ዘመኔ «ካለቀስክ ትወጋሃለች» እየተባሉ የሚመጡ ሕፃናት ነጭ ጋወኔን ሲያዩ ይንቀጠቀጡ ነበር። ወላጆቻቸውን እቆጣ ነበር፤ ለካ እኔም ያው ነኝ።

ጎረቤቴ ይህን ሰምታ «ታዲያ ተረት ምክር አይኑረው ነው የምትይው?» አለችኝ። አይደለም። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ተረት ሲነግሩ ይመክሩም ነበር፤ ያደግንባቸውም ያሳደግንባቸውም ዛሬም በፍቅር እናነሣቸዋለን። በሌላ በኩል፣ ጦጣ አንበሳን አታልላ የምታመልጥባቸው ተረቶች አሉን። ማንም አይቀጣትም፤ ልጅ ግን ይስቃል፣ «ማታለሏ ልክ ነው?» ብሎም ይጠይቃል። ክፋቱ ምክሩ አይደለም፤ ላጠፋ ልጅ የመመለሻውን በር መዝጋታችን ነው።

አሁን ግልገሉ ጅቡን ሲያይ ወደ በረቱ ይሮጣል፤ እናቱም ትከፍትለታለች። ምክር አልጨምርም። «ምን ይላት ይሆን?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

«ወጥቼ ነበር፣ እግሬንም አሞኛል ይላታል» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ብርጭቆ ሰበረ። ስባሪውን ሶፋ ሥር ሊከት ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና ብሎ ጠራኝ።