የጉዞ ፊልም ባለቤትነት በውል ሊወሰን ይገባል

አዲስ አበባ፡- በደቡብ አዲስ አበባ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እየኖረ በግሉ የሚሠራ የጉዞና የተፈጥሮ ፊልም ባለሙያ፣ ዋነኛ ሥራውን የሚያከናውነው ከመዲናዋ ርቆ ነው። በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲጓዝ የቀረጻ ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል፤ ዋልያን በምስል ለማስቀረትም ቀናት ሊጠብቅ ይችላል።

ቀረጻውን በራሱ ውሳኔና ወጪ ካከናወነ ባለመብቱ ራሱ ነው። መሥሪያ ቤት ሲያሠራው ግን ሁኔታው ይለያል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚደነግገው፣ በውል ሌላ ስምምነት ካልተደረገ በቀር በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው ነው። በመሆኑም ውሉ ጉዳዩን በዝምታ ካለፈው፣ ባለሙያው በፊልሙ ያልተካተቱ ምስሎችን እንኳ ለሌላ ሥራ ለማዋል ሊቸገር ይችላል።

ይሁንና የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ቢሆንም፣ የሥራው አመንጪ ሆኖ በስሙ የመታወቅ የሞራል መብት ከባለሙያው ጋር ይቆያል።

ስለሆነም የግዥና የሕዝብ ግንኙነት የሥራ ኃላፊዎች ከጉዞው አስቀድሞ የፊልሙን ባለቤትነት፣ የቀሪ ምስሎችን አጠቃቀም፣ የጉዞ ወጪን፣ የክፍያ ጊዜንና የባለሙያውን ስም አጠቃቀስ በውሉ በግልጽ ቢያሰፍሩ ኋላ ላይ ሊነሳ የሚችለውን ክርክር ማስቀረት ይቻላል።