ነፋሱ ከደጃቸው፣ መብራቱስ?

በነፋስ ኃይል ማመንጫ ለሚሠራ ሰው ከማሽኑ ብልሽት የሚከብድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው ከማማው ሥር ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሲዞር እያየን የምናመሸው በኩራዝ ነው። መብራቱ የት ነው የሚሄደው?»

የሚሄደው ወደ ብሔራዊ የኃይል ቋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረውን የአዳማ አንድ ነፋስ ኃይል ማመንጫን ብንወስድ፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 34 ተርባይኖች አሉት፤ በድምሩ 51 ሜጋ ዋት። ከተርባይኖቹ የሚወጣው ኃይል ሰብስቴሽን ገብቶ ቮልቴጁ ከፍ ይልና በከፍተኛ መስመር ይጓዛል። ይህ መስመር በጎጆ አናት ላይ ቢያልፍም አንዲት አምፖል አያበራም። ለቤት የሚሆነውን 220 ቮልት ለማግኘት ማውረጃ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ያስፈልጋል።

«ታዲያ ከአንዱ ማማ በቀጥታ ሳቡልና!» ይሉኛል። አይሆንም። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል፤ በሴኮንድ ከ3 ሜትር በታች ሲነፍስ ደግሞ ጭራሽ ምንም አይገኝም። እንዲህ ያሉት ትልልቅ ተርባይኖች ቋቱ ሲቋረጥም ይቆማሉ። በአንድ ማማ ብቻ የተንጠለጠለ መንደር ነፋሱ በረገበ ቁጥር ይጨልማል። ከቋቱ ጋር ሲያያዝ ግን ነፋሱ ሲደክም ከግድቦች የሚመነጨው የውሃ ኃይል ይተካዋል። በበጋ ወደ ግድቦቹ የሚገባው ውሃ ሲያንስ ነፋሱ ይበረታል፤ ያን ጊዜ በነፋስ በሠራን ቁጥር የግድቡ ውሃ ለምሽቱ ይተርፋል።

ይህን ሁሉ አስረዳለሁ፤ የሚነግሩኝ ግን እውነታቸውን ነው። ለማማው መሠረትና ለመኪናው መንገድ የተቆረሰው ከእርሻቸው ነው። የክንፉን ድምፅ ሌሊት የሚሰሙት እነሱ ናቸው። የተቀበረው ኬብል እንዳይቆፈር የሚጠብቁልንም እነሱ ናቸው። ኤሌክትሪክ ማመንጨትና ማዳረስ የሁለት ተቋማት ሥራ መሆኑ ለእኛ ለባለሙያዎች ግልጽ ነው፤ ልጇን በኩራዝ ጭስ ለምታስጠና እናት ግን መልስ አይሆናትም።

ለአንድ መንደር የሚዘረጋ መስመር ወጪ ከአንድ ተርባይን ዋጋ አጠገብ ሲቀመጥ እጅግ ትንሽ ነው። ሆኖም በማመንጫው ውል ውስጥ ካልተጻፈ፣ ግንባታው አልቆ ማሽኑና ሠራተኛው ከሄዱ በኋላ የሚያስታውሰው አይገኝም። ማመንጫ ከመገንባቱ በፊት የመለኪያ ምሰሶ ተክለን የነፋሱን ጠባይ ቢያንስ አንድ ዓመት እናጠናለን። በዚያው ዓመት በዙሪያው ያሉት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ኬላውና ወፍጮ ቤቱ ይቆጠሩ፤ የሚያስፈልጋቸው ትራንስፎርመርም ከተርባይኖቹ ጋር በአንድ ሰነድ ይጻፍ። ማመንጫው ተመረቀ መባል ያለበትም የጎረቤቶቹ ቆጣሪ መዞር ሲጀምር ነው።