ያውቁ ኖሯል? ቀለም ሠሪ ባክቴሪያዎች

የቲማቲም ቅላት፣ የካሮት ብርቱካንማነትና የፍላሚንጎ ላባ መልክ ካሮቲኖይድ ከሚባል አንድ የቀለም ቤተሰብ ይመጣሉ። ብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ ቀለሞች ሴልን የሚጎዱ ኬሚካሎችን የሚያከሽፉ አንቲኦክሲዳንቶች ናቸው። ባክቴሪያዎችም ይሠሯቸዋል፤ የማይሠሩትም እንዲሠሩ ይደረጋል።

✦ ቁስል የሚያመግለው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ወርቃማ ቀለሙን ለመከላከያ እንደሚጠቀምበት ያውቁ ኖሯል? ነጭ የደም ሴሎቻችን ተህዋሲያንን የሚገድሉባቸውን ኬሚካሎች ቀለሙ ያከሽፍለታል። ቀለሙን እንዳይሠራ ሲደረግ ግን በቀላሉ ይሞታል።

✦ እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ተህዋሲያንን ሁሉ ይገድላል በተባለ የጨረር መጠን የተመታ የታሸገ ሥጋ ተበላሸ። ከሥጋው ቀላ ያለው ዳይኖኮከስ ራዲዮዱራንስ ተገኘ። ዋናው ብልሃቱ የተበጣጠሰ ዲኤንኤውን መልሶ መጠገኑ ሲሆን፣ ቀለሙም ያግዘዋል።

✦ በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ በተፈጥሮው ካሮቲኖይድ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ተመራማሪዎች ኤርዊኒያ ከተባለ ቢጫ ባክቴሪያ የወሰዷቸውን ጂኖች ወደ ኢ. ኮላይ አስገቡ። እንደ ጂኖቹ ስብጥርም ባክቴሪያው ቢጫ፣ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆነ።

✦ ስንት ጂን ይበቃል? ለቲማቲሙ ቀይ ቀለም፣ ለላይኮፒን፣ ሦስት፤ መነሻውን ጥሬ ዕቃ ኢ. ኮላይ ራሱ ያዘጋጃል። አራተኛ ሲታከል ላይኮፒኑ ወደ ካሮቱ ቤታ ካሮቲን ይለወጣል። ሁለቱም 40 የካርቦንና 56 የሃይድሮጅን አተሞች አሏቸው፤ ልዩነቱ የቤታ ካሮቲን ጫፎች ቀለበት መሥራታቸው ነው።

✦ ሁለት ጂኖች ቢጨመሩ ደግሞ የሳልመን ዓሣን ሥጋ የሚያቀላው አስታዛንቲን ይገኛል። ሳልመን ቀለሙን ከምግቡ እንጂ ከራሱ አያገኝም፤ ስለዚህ በእርባታ ለሚያድገው መኖው ላይ ይጨመርለታል።

✦ ፍላሚንጎም ቀለሙን የሚያገኘው ከሚበላው ነው። በስምጥ ሸለቆው ቺቱ ሐይቅ ትንሹ ፍላሚንጎ የሚመገበው ስፒሩሊና ካሮቲኖይድ ያለው ባክቴሪያ ነው።

✦ እ.ኤ.አ. በ2009 የሐርቫርድ ተመራማሪዎች በኢ. ኮላይ 24 ጂኖች ላይ ባንድ ጊዜ ለውጥ እያደረጉ፣ በ3 ቀናት ውስጥ የላይኮፒን ምርቱን ከ5 እጥፍ በላይ ያሳደጉ ዝርያዎችን አገኙ። ላይኮፒን የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ይበልጥ የቀላው ይበልጥ ያመረተው ነው፤ ዓይን ይለየዋል።

✦ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ የሆነው "ወርቃማ ሩዝ" ቢጫ መልኩን ያገኘው በከፊል ከዚያው ከኤርዊኒያ በተወሰደ ጂን ነው። ዓላማው በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣን ዓይነ ስውርነት መከላከል ነበር፤ ሰውነታችን ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጣልና።

✦ አንቲኦክሲዳንት ሁሉ በበዛ ቁጥር ይጠቅማል ማለት ግን አይደለም። በፊንላንድ ከ29 ሺህ በላይ አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን በእንክብል የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የመያዝ መጠናቸው በ18 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

✦ ላይኮፒንን ከማዕድዎ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ? ቲማቲምን በዘይት ያብስሉት፤ ላይኮፒኑ ከጥሬው ይልቅ በደንብ ወደ ሰውነት ይገባል። የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ ሐኪም ሳያማክሩ የቤታ ካሮቲን እንክብል አይጀምሩ።