ከምንጭ ጽሑፍ እስከ ጥቅል፦ የፋይል ሥርዓት አስተርጓሚን አዘጋጅቶ መጫን



በጃንዋሪ 2010 ካርቱም ተቀምጦ ሶርስፎርጅ ከተባለው ድረ ገጽ ፕሮግራም ለማውረድ የሞከረ ሰው በሩ ተዘግቶ ጠበቀው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሶርስፎርጅ በዚያን ጊዜ ነፃ ፕሮግራሞች ከነምንጭ ጽሑፋቸው የሚገኙበት ትልቅ ጎተራ ነበር። የተዘጋበትም ምክንያት አሜሪካ ከኖቬምበር 1997 ጀምሮ በሱዳን ላይ የጣለችው ማዕቀብ ነው። በተከታዩ ወር ውሳኔው ለየፕሮግራሙ ባለቤቶች ተተወ፤ ማዕቀቡም በኦክቶበር 2017 ተነሣ። ይሁንና በሩ በሌላ ምክንያት ደግሞ ተዘጋ። በጁን 2019 ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተቋረጠ፤ በኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ለሳምንታት ጠፋ፤ በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ከተነሣ በኋላም በፌብሩዋሪ 2024 የአገሪቱ ትልልቅ የስልክ መሥመሮች ባንድነት ተቋርጠው ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚያገለግለው በፍላሽ ተይዞ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ጥቅል ነው። ይህን ጥቅል ከምንጭ ጽሑፍ ተነሥተን እንዴት እንደምናዘጋጀው ዛሬ እናያለን። ለምሳሌ የምንወስደው ፊውዝን ነው፤ የፊውዝም መነሻ ገጽ በ2010 የነበረው እዚያው ሶርስፎርጅ ላይ ነበር።

በመጀመሪያ የፋይል ሥርዓት ምን እንደሆነ እንይ። ዲስክ ላይ የተበተነውን መረጃ በስም፣ በማኅደርና በቀን ለይቶ የሚያቀርብልን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በሉት። ፋይል ስትከፍቱ ጥያቄው የሚሄደው የሊነክስ እምብርት ወደሆነው ክፍል፣ ወደ ከርነል ነው። ከርነል ውስጥ አንዲት ስሕተት ከገባች መላው ማሽን ሊቆም ይችላል፤ ስለዚህ ጀማሪ እጁን የሚያስገባበት ቦታ አይደለም። ሚክሎሽ ሴሬዲ የተባለ ሀንጋሪያዊ የጀመረው ፊውዝ ለዚህ መላ አገኘ። ሥራው በኦክቶበር 2005 በወጣው የሊነክስ ከርነል 2.6.14 ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከርነሉ የደረሰውን ጥያቄ «ይህን አንተ መልስልኝ» ብሎ ለአንድ ተራ ፕሮግራም ማስተላለፍ ይችላል። ያ ፕሮግራም ቢወድቅ ማሽኑ አብሮት አይወድቅም።

«ታዲያ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር የተጻፉ ብዙ የአማርኛ ሰነዶች፣ እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም በመሰለው ቁጥር ያስቀመጣቸው ናቸው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0ኛው እትም ነውና። እነዚያ ሰነዶች ዛሬ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆነው ይታያሉ። ፊውዝን ይዞ ዋናውን ፋይል ሳይነካ፣ ሲነበብ ብቻ ወደ ዩኒኮድ እየለወጠ የሚያሳይ ማኅደር መሥራት ይቻላል። የትምህርት ማስረጃው በዚያ ዓይነት ፊደል ተቀምጦ የቀረበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ፊውዝ የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው። እናንተ የምታውቁት ፓይተንን ነው እንበል። ዓረብኛ የማታውቅ እናት ካርቱም ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ስትገባ፣ ቋንቋውን ቶሎ የለመደ ልጇ መሐል ቆሞ ያስተረጉምላታል። በሲና በፓይተን መሐልም እንዲህ ያለ አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ሥራውም ቀላል አይደለም። በሲ ዘንድ የአንድ ቃል መጨረሻ የሚታወቀው ዜሮ የሆነ ባይት ሲመጣ ነው፤ ፓይተን ግን የቃሉን ርዝመት አብሮ ይይዛል። የተጠየቀው ፋይል ከሌለ ከርነሉ የሚጠብቀው መልስ ከዜሮ በታች 2 ነው፤ ፈቃድ ከተከለከለ ከዜሮ በታች 13 ነው። አስተርጓሚው ይህን ሁሉ ወዲያና ወዲህ እየለወጠ ያደርሳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ማሽናችሁ ላይ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ አለ ብለን እንነሣ። የአስተርጓሚው ምንጭ ጽሑፍ፣ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር፣ የፓይተንና የፊውዝ ሄደር ፋይሎች፣ እንዲሁም እነዚህ ፋይሎች የት እንዳሉ የሚጠቁመው ፓኬጅ-ኮንፊግ ያስፈልጋሉ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ፊውዝ ተጭኗል፤ ታዲያ ለምን የለም ይለኛል?» ይላል። የተጫነለት ፕሮግራም ለማስኬድ የሚበቃው ክፍል ብቻ ነው፤ ለኮምፓይለሩ የሚያስፈልገው ሄደር የሚገኘው ስሙ «ዴቭ» በሚል ቃል በሚያልቅ ሌላ ጥቅል ውስጥ ነው። በተጨማሪም ፊውዝ 2 እና ፊውዝ 3 አንዱ በሌላው አይተካም፤ አስተርጓሚው የተጻፈለትን ለይታችሁ ያዙ።

ኮምፓይለሩ ሥራውን ሲጨርስ ብዙ መመሪያዎች «በቀጥታ ጫኑት» ይላሉ። እኔ አልመክርም። ፋይሎቹ በየማኅደሩ ይበተናሉ፤ ማን የት እንዳስቀመጣቸው መዝገብ አይኖርም፤ ለማውጣት ስትፈልጉም አንድ በአንድ መልቀም ነው። ጥቅል ከሆነ ግን ዲፓኬጅ የተባለው የዴቢያን መሣሪያ እያንዳንዱን ፋይል መዝግቦ ይይዛል፤ አውጣ ሲባልም ያወጣል።

ጥቅል ለማዘጋጀት ከምንጩ ጽሑፍ ጎን «ዴቢያን» የተባለ ማኅደር ይከፈታል። ዋና ዋናዎቹ ፋይሎች ሦስት ናቸው። «ኮንትሮል» የጥቅሉን ስም፣ የማሽኑን ዓይነትና አብረውት መኖር ያለባቸውን ሌሎች ጥቅሎች ይናገራል። «ቼንጅሎግ» እትሙንና የተለወጠውን ነገር በየቀኑ ይመዘግባል። «ሩልስ» ደግሞ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ይይዛል። ከዚያ ዲፓኬጅ-ቢልድፓኬጅ የተባለውን ትእዛዝ ስትሰጡ ስሙ በ«ዴብ» የሚያልቅ አንድ ፋይል ይወጣል። ብትፈቱት ሦስት ነገር ታገኛላችሁ፤ የአሠራሩን ቁጥር የያዘች ትንሽ ፋይል፣ ስለ ጥቅሉ የሚናገረው ክፍልና የሚጫኑት ፋይሎች ራሳቸው።

ወደ ጓደኛችሁ ማሽን ከመውሰዳችሁ በፊት ሁለቱን ማሽኖች አስተያዩ። ለ64 ቢት የተዘጋጀ ጥቅል በአሮጌ ባለ 32 ቢት ማሽን ላይ አይሠራም። በፓይተን 3.9 የተዘጋጀ አስተርጓሚም በ3.11 ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። ኢንተርኔት በሌለበት ደግሞ ዲፓኬጅ የጎደለውን ከሩቅ አያመጣም፤ ስሙን ጠርቶ ይቆማል። ስለዚህ «ኮንትሮል» ላይ የተዘረዘሩትን ጥቅሎች ሁሉ በዚያው ፍላሽ ጨምራችሁ ያዙ። መቅዳቱ ሌብነት አይደለም፤ የፊውዝ ፈቃድ ምንጩንና ፈቃዱን አብሮ እስከሰጠ ድረስ ማንም ለማንም እንዲያካፍል ይፈቅዳል።

ብዙ እጅ ያለፈበት ፍላሽ ፋይል ሊያበላሽ ይችላል፤ ሆን ብሎ የሚለውጥም አይጠፋም። ስለሆነም ጥቅሉን እንዳዘጋጃችሁ ሻ-256 የተባለውን የማረጋገጫ ቁጥር አውጡና በወረቀት ጽፋችሁ ለብቻው ላኩት። ተቀባዩ በራሱ ማሽን ያንኑ ቁጥር አውጥቶ ያስተያያል፤ አንድ ምልክት እንኳ ከተለየ ጥቅሉን አይጭነውም።