ውሻው ምን ያገኝበታል?

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ፖስተኛ ደጃፍ ሲደርስ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ውሻ ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል። ፖስተኛው ደብዳቤውን ጥሎ ይሄዳል። ሥራው ስለሆነ ነው የሚሄደው፤ ውሻው ግን ጩኸቱ እንዳባረረው ይማራል። ነገም ይጮኻል፣ ሰውየው ነገም ይሄዳል። አዲስ አበባ በር ላይ ታስሮ አላፊ አግዳሚውን የሚጮኽበት ውሻም ትምህርቱን የቀሰመው እንዲሁ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሣጥን ውስጥ የዘጋባቸው ድመቶችና ውሾች መክፈቻውን እንዳጋጣሚ ነክተው ከወጡ በኋላ፣ ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር እየፈጠኑ ይወጡ ነበር። የጠቀመ ድርጊት ይደገማል። ጥቅሙ ታዲያ የግድ ምግብ አይደለም፤ የሚፈራው ነገር መራቁም፣ የሰው ፊት ወደ እሱ መዞሩም ይሆናል። እንግዳ ላይ የሚዘልን ውሻ በሁለት እጃችን እየገፋን “ውረድ! ውረድ!” ስንለው ቅጣት የሰጠን ይመስለናል። ለእሱ ጨዋታ ነው።

እዚያው ኮሎምበስ፣ በወቅቱ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ሜጋን ሄሮንና ባልደረቦቻቸው ይህን መርሕ በመጠለያ ውሾች ላይ ፈትነው በ2014 አሳትመዋል። ለአንዱ ቡድን ምግብ የታጨቀበት መጫወቻ ተሰጠው፣ በየቀኑም ሥልጠና ወሰደ፤ ሌላው ቡድን ይህን አላገኘም። ከሠለጠኑት መካከል በጸጥታ መቀመጥ ወይም መተኛት የጀመሩት በዙ፣ መዝለል የተዉትም እንዲሁ። ከመጠለያው ውሻ ሊወስድ የመጣ ሰው የሚያየው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው ግን የውሻን ጠባይ በሰው ጠባይ ይተረጉማል። ጫማ ቀርጥፎ አንገቱን የደፋ ውሻ ጥፋቱን ያወቀ ይመስላል። የውሻ ጠባይ ተመራማሪዋ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 እንዳሳዩት ያ ፊት የሚመጣው ባለቤቱ ሲቆጣ ነው፤ ምንም ያላጠፋ ውሻም ሲገሠጽ ያንኑ ፊት ያሳያል። “የበላይነት ፈልጎ ነው” የሚለውም ማብራሪያ መሠረቱ ደካማ ነው፤ የመነጨው በአጥር ውስጥ በታጎሩ፣ በማይተዋወቁ ተኩላዎች ላይ ከተደረገ ጥናት ሲሆን፣ የዱር ተኩላ መንጋ በአብዛኛው ወላጆችና ልጆቻቸው መሆናቸውን የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜክ በ1999 ጽፈዋል።

ይህ የትርጉም ስሕተት ዱላ ያስነሣል፣ ዱላውም ጥርስ። ሄሮን ወደ ኦሃዮ ከመምጣታቸው በፊት በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ 140 የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው ነበር። ውሻቸውን ከመቱ ወይም ከረገጡ ባለቤቶች 43 በመቶው ውሻው እንደተቆጣባቸው ተናግረዋል።

ለሚዘለው ውሻ መድኃኒቱ ፊትን አዙሮ ዝም ማለት፣ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ማመስገን ነው። መጀመሪያ ዝላዩ ይብሳል፤ ሲሠራለት የኖረው ዘዴ ድንገት ከሽፎበታልና ይበልጥ ይሞክረዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ አባት ዝም ሲል ልጅ ሳቅ ብሎ ያቅፈዋል፣ ውሻውም የበለጠ መዝለል እንደሚያዋጣ ይይዛል።