ለዲኤክስ ሄደር ሲመረጥ፦ ከድምፁ በፊት ዳገቱ

ከአረካ ወደ ሶዶ በሚወስደው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ አንድ የድሮ ዲኤክስ መኪና ዳገት ሲወጣ፣ ማርሚታው መነካቱን ሳታዩት በጆሯችሁ ታውቃላችሁ። ባለቤቱን ብትጠይቁት "ጉልበት ጨምሯል" ይላችኋል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ የጨመረው ድምፁ ብቻ ነው። ማርሚታ የጭሱ የመጨረሻ ጣቢያ ነው። ጉልበት የሚገኝ ከሆነ ከመጀመሪያው፣ ከቴስታታው ጋር በብሎን ከታሰረው ማኒፎልድ ነው። በእሱ ፈንታ የሚገባው፣ ለየሲሊንደሩ የራሱ ቱቦ ያለው ክፍል ሄደር ይባላል። አሜሪካኖቹ ጉልበተኛ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪኖቻቸው ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ለእኛዋ ዲኤክስም ሕጉ አይለወጥም።

እስቲ ኮፈኑን እንክፈተው። ብዙዎቹ የድሮ ዲኤክሶች የያዙት ፎር ኬ የሚባለውን 1,290 ሲሲ ሞተር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ጭስ ይተፋል፤ አራቱ አንድ ላይ 100 ጊዜ! ስለዚህ ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ እንደ ወንዝ አይፈስም፣ በምት በምት ይወረወራል። ፋብሪካው የሚሠራው የብረት ማኒፎልድ ደግሞ ክንዶቹ አጫጭር ናቸው። አንዱ ሲሊንደር ጭሱን ገፍቶ ሳይጨርስ ቀጣዩ የራሱን በኃይል ይለቃል፣ ያም ግፊት በአጭሩ መንገድ ዞሮ ጎረቤቱን ይመልሰዋል። በገበያ ቀን ጭነት የያዙ አራት አህዮች በአንድ ጠባብ በር ለመውጣት ሲጋፉ የሚሆነው ነው።

ሄደር አህዮቹን ለየብቻ ያስኬዳቸዋል። ግን ዋናው ጨዋታ ገና አልተነሳም፤ እኔን የሚያስገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የግፊቱ ምት በቱቦው ውስጥ እየሮጠ ሄዶ ቱቦዎቹ ከሚገናኙበት ሰፊ ቦታ ሲደርስ፣ ከፊሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሲመለስ ግን ጠባዩን ለውጦ ነው፦ ገፊ ሆኖ የሄደው ሳቢ ሆኖ ይመጣል። ይህ መሳብ ቴስታታው ጋ የሚደርሰው የጭሱም የአየሩም ቫልቭ ለቅጽበት አብረው በተከፈቱበት ሰዓት ከሆነ፣ የቀረውን ጭስ ጠርጎ ያወጣና አዲሱን አየርና ቤንዚን ያስገባል። ያለ ምንም ተጨማሪ ማሽን፣ በቱቦ ርዝመት ብቻ!

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ቫልቮቹ ቶሎ ይከፈታሉ፣ የግፊቱ ምት ግን በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንድ ሄደር ለሁሉም ፍጥነት እኩል ሊመች አይችልም። ረጅም ቱቦ ለዝቅተኛ ዙር፣ አጭር ቱቦ ለከፍተኛ ዙር ይስማማል። ሄደር የሚመርጥ ሰው በየትኛው ዙር ጉልበት እንደሚፈልግ ነው የሚመርጠው። አምስት ሰውና የጤፍ ጆንያ ጭኖ ወደ ሶዶ ለሚወጣ ሰው ደግሞ መልሱ ግልጽ ነው፦ ጉልበቱ ከታች ይፈለጋል።

ለዚህ የሚሻለው አራቱ ቱቦዎች መጀመሪያ ወደ ሁለት፣ ቀጥሎ ወደ አንድ የሚሰበሰቡበት ዓይነት ነው። የፎር ኬ ሲሊንደሮች የሚተኩሱት በ1-3-4-2 ተራ ስለሆነ 1 ከ4፣ 2 ከ3 ጋር ይጣመራሉ። እንዲህ ሲሆን በአንድ ጥንድ ሁለት ሲሊንደሮች ምት መካከል ሞተሩ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፣ አይጋፉም። በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደሩ የአሜሪካ መኪና፣ ሼልቢ ጂቲ 350፣ በሁለቱም ጎኑ የያዘው እንዲህ ያለውን ሄደር ነበር። አራቱ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ የሚገቡበት ሄደር ለውድድር ሜዳ ይሁን። በነገራችን ላይ፣ ሼቭሮሌ 350 የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ያ የሚንደቀደቅ ድምፁ የሚመጣው ከዚሁ ከመተኮስ ተራ ነው፤ በግራ ጎኑ 5ኛውና 7ኛው ተከታትለው ይተኩሳሉና።

ስፋቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ "ሰፊ ይሻላል" ይባላል። የሼቭሮሌው አንድ ሲሊንደር 717 ሲሲ ገደማ ሆኖ፣ ለመንገድ መኪና የተለመደው ቱቦ 41 ሚሊ ሜትር ነው። የዲኤክስ አንድ ሲሊንደር 322 ሲሲ ነው፣ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለእሷ 32 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ ይዘገያል፣ ከታች ያለው ጉልበትም ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን ሄደር አይመልስልንም። አረካ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 80 በመቶ አካባቢ ነው፣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። አየሩ ስስ በመሆኑ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ሄደሩ አየር ሲጨምር ይህ ትርፍ ትንሽ ይቃለል ይሆናል፣ ስለዚህ ካርቡራቶሩን ለመነካካት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ካንዴላዎቹን ፈትታችሁ እዩ። ቡናማ ከሆኑ ተዉት፣ ጥቁር ጥቀርሻ ከያዙ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ከነጡ አንሷል።

የፎር ኬ ሌላ ጣጣ አየር ማስገቢያውና ጭስ ማውጫው በአንድ ጎን መሆናቸው ነው። የፋብሪካው ማኒፎልድ በጭሱ ሙቀት ማስገቢያውን ያሞቅ ነበር፤ ሄደር ሲገባ ይህ ስለሚቀር ጠዋት ላይ ሞተሩ ሊያስቸግር ይችላል። በተቃራኒው ከሰዓት ካርቡራቶሩ ከቱቦዎቹ በላይ ተቀምጦ ይጋልና ቤንዚኑን ያፈላዋል። በመካከላቸው ላሜራ ይግባ።

ብየዳ ቤት የምታሠሩ ከሆነ፣ የውኃ ቧንቧ የሚሆነውን ጋልቫናይዝድ ቱቦ አትቀበሉ። ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ በያጁን ያተኩሰዋል፤ የቀረውም ዚንክ በ419 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ከቴስታታው አጠገብ ደግሞ ሙቀቱ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ከቴስታታው ጋር የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት ከ8 ሚሊ ሜትር አይሳሳ፣ አለዚያ ይጣመምና ጋስኬቱን ያስተፋዋል።

ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጣታችሁን በእያንዳንዱ ቱቦ አፍ አስገብታችሁ ዳብሱ። ወደ ውስጥ የተንጠባጠበ የብየዳ እብጠት ከነካችሁ፣ ተፍቆ እስኪለሰልስ ድረስ አትረከቡት።