ስለ «ኤክስተርንሺፕ» አፈታት

በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች «ኤክስተርንሺፕ» የሚባለው፣ ተማሪው በፍርድ ቤት፣ በዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ወይም በጠበቃ ቢሮ በባለሙያ እየተመራ ሲሠራ ክሬዲት የሚያገኝበት ትምህርት ነው። ቀደም ሲል «ያለ ደመወዝ» የሚለውን ሐረግ በፍቺው ብናስገባ ባልተሳሳትን ነበር፤ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር መመዘኛ ተማሪው ለአንድ ሥራ ክሬዲትንና ደመወዝን አጣምሮ እንዳይቀበል ይከለክል ነበርና። ክልከላው በ2016 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ ውሳኔው ለየትምህርት ቤቱ ስለ ተተወ፣ ሐረጉ ከፍቺው መውጣት ይገባዋል።

የባሰው ችግር በመመዘኛው ውስጥ በነበረው «ኮምፐንሴሽን» በሚለው ቃል ላይ ነው። የሕግ ተርጓሚ እጁ ወደ «ካሳ» ይሄዳል፤ ነገር ግን እዚህ የተጎዳ የለም። «አበል» ብንለውም አንድንም፤ የቀድሞው መመዘኛ ተማሪው ለሥራው ከኪሱ ያወጣውን ተገቢ ወጪ መተካትን አልከለከለም ነበርና፣ በ«አበል» የተፈቀደውና የተከለከለው ይቀላቀላሉ። «ክፍያ»ም ሁለት ፊት አለው፤ ተማሪው ለክሬዲቱ ብሎ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠውም ክፍያ ይባላል። የክርክሩም ሥር ይኸው ነበር፤ ተማሪው ገንዘብ እየከፈለ በነጻ ይሠራል። ስለዚህ «ደመወዝ»ን መርጠናል።

ለሥያሜው «የደጅ ልምምድ» ማለት ያጥራል፤ ሆኖም ደጅ ጥናትን ያስታውሳል። (ያለ ደመወዝ ለሠራው ተማሪ ምናልባት አይበዛበትም ነበር።) እኛ «ከትምህርት ቤት ውጭ የተግባር ትምህርት» እንላለን፤ ቢረዝምም ክሬዲቱን የሚያሰጠው ትምህርትነቱ መሆኑን ይጠብቃል። «ክሬዲት» ግን እንዳለ ይቆይ፤ «ነጥብ» ብንለው ከፈተና ውጤት ጋር ይምታታል።